ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ምንድን ነው? ዕፅዋትስ የደም ሥርን ከእሱ ያድናሉ?

“የደም ሥር ያጸዳል።” ቴሌግራም ላይ ከሚሸጡት የዕፅዋት ዱቄቶች ይህ ያልተጻፈበት ማግኘት ይከብዳል። ሻል ያሉት ሻጮች ደግሞ “አንቲኦክሲዳንት አለው” ብለው ያክሉበታል፤ ሴልን የሚጎዱ ፍሪ ራዲካሎችን የሚያከሽፍ ነገር አለው ማለታቸው ነው። ይኼኛው ቢያንስ ከኋላው እውነተኛ ሳይንስ አለው። ችግሩ ሳይንሱ የሚለውና ዕቃው ላይ የሚለጠፈው አለመገናኘታቸው ነው።

በቅድሚያ “ማጽዳት” የሚለውን እንተወው። የደም ሥር ቆሻሻ የሚጠራቀምበት ቧንቧ አይደለም። ውስጡ ሕይወት ባላቸው ሴሎች ተሸፍኗል። ሽፋኑ ኢንዶቴልየም ይባላል። ውፍረቱ የአንድ ሴል ብቻ ነው፤ ከልብ ከሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ጀምሮ እስከ ጣት ጫፍ ድረስ ይዘልቃል።

ይህን ስስ ሽፋን ለረጅም ጊዜ ከቁም ነገር የቆጠረው ብዙም አልነበረም። ነገሩን የቀየረው ብሩክሊን፣ ኒውዮርክ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሮበርት ፈርችጎት ነው። በላብራቶሪው የጥንቸል የደም ሥር ቁራጭ ላይ አሴቲልኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር ሲጨመር ቁራጩ ይኮማተር ነበር። በሕይወት ባለ እንስሳ ላይ ግን ይኸው ንጥረ ነገር የደም ሥርን ያላላል። ግራ ያጋባል። ምክንያቱ ሲገኝ ደግሞ ቀላል ሆኖ ተገኘ፤ ቁራጮቹ ሲዘጋጁ ውስጠኛው ገጽ ይታሽና ሽፋኑ ተፍቆ ይነሳ ነበር። ሽፋኑ ያልተነካበት ቁራጭ ዘና አለ፤ የተፋቀው ተኮማተረ። ፈርችጎትና ባልደረባው ይህን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1980 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሽፋኑ ለጡንቻው የሚልከው መልእክት ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ መሆኑ ቆይቶ ታወቀ። በ1998 ፈርችጎት፣ ሉዊስ ኢግናሮና ፈሪድ ሙራድ የኖቤል ሽልማት ተጋሩበት።

ናይትሪክ ኦክሳይድ ዕድሜው በሴኮንዶች የሚቆጠር ነው። በዚያች ጊዜ ግን ብዙ ይሠራል። የደም ሥሩን ያላላል፤ ግፊት እንዳይጨምር ያግዛል፤ ደም የሚያረጉት ፕላትሌቶች ግድግዳው ላይ እንዳይለጠፉ ያደርጋል።

አሁን ወደ ርዕሳችን። በምንተነፍሰው ኦክስጅን ምግብን ወደ ጉልበት ስንቀይር ጥቂቱ ኦክስጅን ወደ ሱፐርኦክሳይድ ይለወጣል። ይህ ፍሪ ራዲካል ከሚባሉት አንዱ ነው። ብቻውን የቀረ ኤሌክትሮን ስላለው አርፎ አይቀመጥም፤ ካገኘው ሁሉ ጋር ይጋጫል። ሰውነት ይህን ስለሚያውቅ የራሱን መከላከያ አዘጋጅቷል፤ ሱፐርኦክሳይድ ዲስሚውቴዝና ካታሌዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች፣ ግሉታታዮን የሚባል ንጥረ ነገር፣ ሌሎችም። የሚመረተው ከሚመክተው ሲበልጥ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ተፈጠረ እንላለን። የትርፍና የኪሳራ ጉዳይ ነው እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም።

የደም ሥር ላይ ሲሆን ጉዳቱ እጥፍ ነው። ሱፐርኦክሳይድ ናይትሪክ ኦክሳይድን ሲያገኘው ወዲያው ይዋሃዱና ፐሮክሲናይትራይት የሚባል ጨካኝ ነገር ይሆናሉ። ጠቃሚው ጠፋ፣ ጎጂ ተተካ። ይባስ ብሎ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚሠራው ኢንዛይም ራሱ በዚህ ሁኔታ ሲጎዳ ሱፐርኦክሳይድ ማምረት ይጀምራል። በዚህ ላይ መጥፎው ኮሌስትሮል፣ ማለትም ኤልዲኤል፣ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ኦክሲዳይዝ ይሆናል፤ ማለትም በፍሪ ራዲካል ተጠቅቶ ይበላሻል። ነጭ የደም ሴሎች ይውጡታል፤ በስብ ተሞልተው እዚያው ይቀራሉ። የደም ሥር መጥበብ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ሲጋራ፣ ያልተቆጣጠሩት ስኳርና ደም ብዛት ሁሉም ይህንን ሂደት ያፋጥናሉ።

ታዲያ ዕፅዋቱ የት ገቡ?

“ይህ ተክል የደም ሥር ሴሎችን ከኦክሲዴሽን ይጠብቃል” የሚል ጥናት ስታዩ አብዛኛውን ጊዜ የተሠራው እንዲህ ነው። ሕፃን ሲወለድ ከሚጣለው እትብት ውስጥ ካለው የደም ሥር ሴሎች ይወሰዳሉ። ላብራቶሪ ሳህን ላይ ይራባሉ። የተክሉ ጭማቂ ይጨመርባቸዋል። ከዚያ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይፈስባቸዋል፤ አዎ፣ ያው ፋርማሲ ውስጥ ለቁስል የሚሸጠው፣ በጣም ቀጥኖ። በመጨረሻ ስንቱ ሴል እንደተረፈ ይቆጠራል። ጭማቂ የተጨመረባቸው የበለጠ ከተረፉ ተክሉ “ይከላከላል” ተባለ።

ሥራው የማይናቅ ነው። ግን አንድ ወጥመድ አለው። ጭማቂው ሳይታጠብ እዚያው ሳህን ውስጥ ከቀረ ፐርኦክሳይዱን ሴሉ ጋ ሳይደርስ ውጪ ሊያከሽፈው ይችላል። ሴሉ የተረፈው ስለጠነከረ ሳይሆን መርዙ ስላልደረሰው ነው። ጠንቃቃ ተመራማሪ መጀመሪያ ጭማቂውን አጥቦ ያስወግዳል። ይህን ማድረጉ ከርዕሱ አይታወቅም፤ የአሠራሩን ክፍል ማንበብ ይጠይቃል።

ቀጥሎ ሆድና ጉበት አሉ። ሳህን ላይ ጭማቂው በቀጥታ ሴሉን ያገኘዋል። እኛ ስንበላው ግን አንጀት ጥቂቱን ያሳልፋል፤ ጉበት ያን ጥቂት ይለዋውጠዋል። የእርድ ቢጫው ንጥረ ነገር ኩርኩሚን ጥሩ ምሳሌ ነው። ሳህን ላይ ጀግና ነው፤ ደም ውስጥ ግን ብቻውን ሲዋጥ የለም ማለት ይቀላል። በ1998 የታተመ አንድ የህንድ ጥናት የቁንዶ በርበሬን ፒፐሪን አብሮ ሲሰጥ መጠኑ ወደ 20 እጥፍ ገደማ እንደጨመረ አሳይቷል። ደስ ይላል፤ አልጫችን ውስጥ ሁለቱም ሊገኙ ይችላሉ። ነገር ግን ከምንም የማይሻል መጠን 20 ጊዜ ቢባዛም ትንሽ ነው።

“ፍሪ ራዲካልን የሚለቅም ነገር መዋጥ” የሚለው ሐሳብ ራሱ በሰው ላይ በሰፊው ተፈትኗል። ውጤቱ የሚያኮራ አይደለም። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 አጫሾች የተሳተፉበት ሙከራ በ1994 ሲታተም ቤታካሮቲን የወሰዱት በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። በብሪታንያ 20,536 ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ ግማሾቹ ቫይታሚን ኢ፣ ሲና ቤታካሮቲን አምስት ዓመት ያህል ቢወስዱም ለልባቸው የጠቀማቸው ነገር አልታየም፤ ይህ የታተመው በ2002 ነው። ሰውነት ፍሪ ራዲካልን ለሥራም ይፈልገዋል፤ ነጭ የደም ሴሎች ጀርም የሚገድሉት በእሱ ነው። ሙልጭ አድርጎ ማጥፋት አያዋጣም።

ስለዚህ አሁን የብዙ ተመራማሪዎች ትኩረት ወዲህ ዞሯል። ተክሉ ራሱ መከላከያ አይሆንም፤ ሴሉን በመጠኑ ቆንጥጦ የራሱን መከላከያ እንዲያመርት ያስገድደዋል። ሴል ውስጥ ኤንአርኤፍ2 የሚባል ፕሮቲን አለ። ሲነቃ ወደ ኒውክለስ ገብቶ የመከላከያ ኢንዛይሞቹን ጂን ያበራል። የጎመንና የብሮኮሊ ዘመዶች ውስጥ የሚገኘው ሰልፎራፌን ይህን እንደሚያደርግ በደንብ ታይቷል። ለእኔ ከሁሉም የሚያሳምነኝ ይህ ነው፤ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ሊሠራ ይችላልና።

ነጭ ሽንኩርትም የራሱ መንገድ አለው። ያልተላጠ ፍሬ ብዙም አይሸትም። ሙቀጫ ውስጥ ሲደቆስ ግን ተለያይተው የነበሩ ሁለት ነገሮች ይገናኙና አሊሲን ይፈጠራል፤ ያ የምናውቀው ሽታ ይመጣል። ሳይደቆስ እንዳለ ከተቀቀለ ሙቀቱ ኢንዛይሙን ስለሚገድል አሊሲኑ ብዙም አይፈጠርም። ከዚህ የሚመነጩትን የሰልፈር ውሕዶች ቀይ የደም ሴሎች ወደ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ እንደሚለውጧቸውና ይህም የደም ሥርን እንደሚያላላ በ2007 ታትሟል። ሽፈራውን በተመለከተ፣ ኮንሶ ውስጥ እንደ ጎመን የሚበላ ምርጥ ቅጠል ነው፤ የደም ሥር ማስረጃው ግን በአብዛኛው ከአይጥና ከሳህን አላለፈም።

በሰው ላይ ከተሞከሩት ከርከዴ ይጠቀሳል። በ2010 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት 65 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ቡድን ከርከዴ በቀን ሦስት ኩባያ ለስድስት ሳምንት አጠጣ። የላይኛው ግፊት በአማካይ በ7.2 ቀነሰ፤ ሌላ መጠጥ የጠጡት በ1.3 ብቻ። ጥሩ ነው። ግን ተሳታፊዎቹ ግፊታቸው ትንሽ ከፍ ያለ ሰዎች ነበሩ። የደም ብዛት መድኃኒቱን ጥሎ በከርከዴ ለሚተካ ሰው ይህ ጥናት ፈቃድ አይሰጥም።

ቻይናዎች ለልብ ሕመም ብዙ የሚጠቀሙበት ዳንሸን የሚባል ቀይ ሥር አለ። በሳህን ጥናቶች ላይ ከሁሉም ገንኖ የሚታየው እሱ ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ግን ከሆንግ ኮንግ የወጡ ዘገባዎች ዋርፋሪን ከሚባለው የደም ማቅጠኛ ጋር ሲወሰድ ደም ከልክ በላይ እንደሚቀጥን አሳይተዋል። እኛ ዘንድ ዋርፋሪን የሚወስዱ ብዙ ናቸው፤ በሩማቲክ የልብ ሕመም ሰው ሠራሽ ቫልቭ የገባላቸው ወጣቶች ጭምር። በብዛት የሚወሰድ ነጭ ሽንኩርትም፣ በተለይ በእንክብል መልክ፣ የመድማት አደጋን ሊጨምር ይችላል። ወጥ ውስጥ የሚገባው አያሰጋም። ዋርፋሪን የምትወስዱ ከሆነ ማንኛውንም የዕፅዋት ዱቄት ከመጀመራችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ንገሩ። ጀምራችሁ ከሆነም አትደብቁ፤ የደም ምርመራው ቶሎ መደገም አለበት። የዱቄቱን ስም ካላወቃችሁ ዕቃውን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ።