«አውቶ ስኬጁሊንግ» ምንድን ነው? የቀጠሮ ሊንክማ አይደለም

አንዱ አስተያየት ሰጪ «ካለንድሊ አለኝ፤ ቀኔን የሚያቅድልኝ ኤአይ ነው» ይላል (ካለንድሊ የቀጠሮ ሊንክ የሚያዘጋጅ አገልግሎት ነው)። ሌላው ቻትጂፒቲ ውሎውን በሠንጠረዥ ስለጻፈለት «አውቶ ስኬጁለር» አገኘሁ ብሎ ያውጃል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

የቀጠሮ ሊንክ ክፍት ሰዓታችሁን ለእንግዳ ያሳያል፤ እንግዳው ይመርጣል፤ አለቀ። ለዚህ ኤአይ አያስፈልግም፤ ካለንድሊ ራሱ በ2013 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት የዛሬዎቹ ቻትቦቶች አልነበሩም። ቻትቦቱ ደግሞ የሰጣችሁ ጽሑፍ ነው። ረፋድ ላይ ድንገተኛ ስብሰባ ቢገባ ሠንጠረዡ እንዳለ ይቀመጣል፤ ከካላንደራችሁ ጋር ካልተገናኘማ ስብሰባ መኖሩንም አያውቅም።

አውቶ ስኬጁሊንግ ማለት ሥራዎችን ከነርዝመታቸው፣ ከነማስረከቢያ ቀናቸውና ከነቅድሚያቸው ተቀብሎ በካላንደሩ ክፍተቶች ውስጥ መደልደል፣ አንዱ ሲነቃነቅ ደግሞ ሌላውን ሳይጠየቅ እንደገና መደልደል ነው። ሞሽንና ሪክሌም የተባሉት መተግበሪያዎች የሚሠሩት ይህንን ነው።

የታክሲ ተራ አስከባሪን አስቡ። ሹፌር አይደለም፤ ታክሲም አይፈበርክም። ሚኒባሱ 12 ሰው ከያዘ 12 ያስገባል። ወያላው (ቻትቦቱ በሉት) መድረሻውን አሳምሮ ይጠራል እንጂ ሰልፉን አያስተካክልም። አሁን አንዱ ተሳፋሪ «ብቻዬን ነኝ» ብሎ ተሰልፎ ኩንታል ይዞ ቢገባ የኋላው ሁሉ ይተራመሳል። «30 ደቂቃ» ብላችሁ ያስገባችሁት የ2 ሰዓት ሪፖርት ያ ኩንታል ነው። ሰልፈኛው ሁሉ «አስቸኳይ ነኝ» ካለ ደግሞ ተራ አስከባሪው ምን ይሥራ? ከ15 ሥራ 12ቱን «ከፍተኛ ቅድሚያ» ብላችሁ መሣሪያውን መውቀስ ይኸው ነው። እኔ ከ3 በላይ አልፈቅድም፤ ግምትንም በአንድ ተኩል አባዛለሁ።

ብዙ የሚያሳስተው ግን ሌላ ቦታ ነው፦ የካላንደሩ «ፍሪ» (ነፃ) እና «ቢዚ» (የተያዘ) ምልክት። ጉግል ካላንደር ላይ የሙሉ ቀን ክስተት ስትመዘግቡ ካልቀየራችሁት «ፍሪ» ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ «የዓመት እረፍት» ብላችሁ የጻፋችሁበትን ቀን መሣሪያው ባዶ ነው ብሎ ሥራ ይሞላበታል። ወደ «ቢዚ» ቀይሩት። የግል ካላንደራችሁ በሌላ አካውንት ከሆነም ካላገናኛችሁት የሐኪም ቀጠሯችሁ ላይ ስብሰባ ይደረባል።

ከአዲስ አበባ ሆኖ ዋሽንግተን ካለ ቡድን ጋር ለሚሠራ ደግሞ፦ ልዩነቱ በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ነው። የእነሱ ጠዋት 9:00 ስብሰባ ከኅዳር እስከ መጋቢት ከእኛ 10 ወደ 11 ሰዓት ይሸሻል። የሥራ መውጫችሁን 11 ሰዓት ብላችሁ ከዘጋችሁ ስብሰባው ከሥራ ሰዓት ውጭ ይወድቃል። ስብሰባው በ«ኒውዮርክ» የሰዓት ቀጠና (የዋሽንግተንም እሱ ነው) ይያዝ፤ በቋሚ «ጂኤምቲ -5» ከተያዘ ክረምትና በጋ ሲቀያየር አብሮ አይንቀሳቀስም። ለመሣሪያው «3 ሰዓት» ብላችሁ በአማርኛ ስትነግሩትም 09:00 ይሁን 15:00 ወይስ 03:00 የገባው፣ አንድ ጊዜ አረጋግጡ።

ታዲያ የቱ ይሻላል? ቀናችሁን የሚሞላው የሌሎች ቀጠሮ ከሆነ ሊንክ ይበቃል። ከክፍል ክፍል ለሚዞር መምህር አውቶ ስኬጁሊንግ ምንም አይጨምርለትም፤ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውማ። የማስረከቢያ ቀን ያላቸው ሥራዎች በስብሰባ ለሚቆራረጡበት ሰው ግን ይጠቅማል። 10 እውነተኛ ሥራ አስገቡ፤ ከዚያ ሆን ብላችሁ የ1 ሰዓት ስብሰባ መሃል ላይ ጨምሩና የተገፋው ሥራ የት እንደሄደ ተመልከቱ። ከማስረከቢያ ቀኑ ካለፈ ማስጠንቀቅ አለበት፤ ዝም ካለ ተዉት።

ከመክፈላችሁ በፊት የድርጅታችሁን አይቲ ጠይቁ። እነዚህ መሣሪያዎች ካላንደሩን ማንበብ ብቻ ሳይሆን መጻፍም ስለሚፈልጉ አስተዳዳሪው ሊዘጋቸው ይችላል፤ የስብሰባ ርዕሶቻችሁንም ያያሉ።