በጎጃም ጤና ጣቢያዎች መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች

መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ቀድሞ ይገድሏቸው የነበሩ መድኃኒቶችን የሚቋቋሙ ተሕዋስያን ናቸው። በጎጃም ጤና ጣቢያዎች ችግሩ ይበልጥ የሚያሳስበው በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ በቁስልና በሳንባ ምች ሕክምና ነው። ከባክቴሪያዎቹ የኢ. ኮላይ፣ የክሌብሲየላና የስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ስም ደጋግሞ ይነሣል፤ አምፒሲሊን፣ ቴትራሳይክሊንና ኮትሪሞክሳዞል ደግሞ ኃይላቸው ከደከመባቸው መድኃኒቶች ግንባር ቀደሞቹ ናቸው።

በአገሪቱ አደረጃጀት አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ 25,000 ያህል ሕዝብ እንዲያገለግል፣ በሥሩም አምስት ጤና ኬላዎች እንዲኖሩት ታቅዷል። ላቦራቶሪው ደም፣ አክታ፣ ሽንትና ሰገራ በማይክሮስኮፕ ያያል። ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚገድለውን መድኃኒት የሚለየው የካልቸር ምርመራ ግን የትልልቅ ሆስፒታሎች ሥራ ነው። ስለዚህ ባለሙያው ምልክት አይቶ ያዝዛል፤ ሕመምተኛው ካልተሻለው መድኃኒት ይቀይርለታል። በቀን ብዙ ሕመምተኛ የሚያይ ባለሙያ በዚህ ሊወቀስ አይገባም።

ከጤና ጣቢያው ውጭ አሞክሲሲሊን ያለ ማዘዣ መግዛት፣ ሲሻል አቋርጦ የተረፈውን ማስቀመጥ፣ የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስ የተለመደ ነው። ለከብት የሚወጋው ኦክሲቴትራሳይክሊንም የዚያው የቴትራሳይክሊን ቤተሰብ ነው።

በደንብ ከተጠኑት አንዱ የምሥራቅ ጎጃሙ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ነው። ዓይን የሚያሳውረውን ትራኮማን ለማጥፋት እ.ኤ.አ. በ2006 (1998 ዓ.ም.) በዚሁ ወረዳ አዚትሮማይሲን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በጅምላ የማደል ጥናት ተጀመረ። ባክቴሪያ መድኃኒቱን መላመዱን ለማነጻጸር 24 መንደሮች በዕጣ ተለዩ፤ በ12ቱ ከ1 እስከ 10 ዓመት ያሉ ልጆች በየሦስት ወሩ በድምሩ አራት ጊዜ መድኃኒቱን ወሰዱ፣ የሌሎቹ 12 ተራ ዘገየ። ከዚያ የልጆቹ የአፍንጫና የጉሮሮ ናሙና ተመረመረ። በታደሉት መንደሮች የሳንባ ምች አምጪው ኒሞኮከስ አዚትሮማይሲንን የተቋቋመባቸው ልጆች ድርሻ በአንድ ዓመት ከ3.6 በመቶ ወደ 46.9 በመቶ አደገ፤ ባልታደሉት በዓመቱ መጨረሻ 9.2 በመቶ ነበር። ሆኖም በዚያው ወረዳ በታደሉት መንደሮች ከ1 እስከ 9 ዓመት የሆኑ ልጆች ሞት በግማሽ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ጉዳቱና ጥቅሙ እንዴት ይመዘን የሚለው እስካሁን ያከራክራል። የጎንቻ ወላጆችና ልጆች ለዓለም የሰጡት ማስረጃ ግን ትልቅ ነው።

የሚያበረታታው የምርመራ አቅም ያለው በባሕር ዳር በፈለገ ሕይወት ሆስፒታልና በአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ በጎጃም ደቡብ ደግሞ በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ነው። በአክታ በኩል መንገዱ ቀንቷል፤ የጤና ጣቢያው ናሙና በፖስታ ጭምር ወደ ጂን ኤክስፐርት ማሽን ይላካል፣ ማሽኑም የቲቢ ባክቴሪያ ሪፋምፒሲንን መላመዱን በሁለት ሰዓት ገደማ ይለያል። ለሽንት ይህ አይሠራም። ያልቀዘቀዘ ሽንት ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ባክቴሪያው ስለሚራባ የካልቸሩ ውጤት ያሳስታል፤ ከምሥራቅ ጎጃሟ ሞጣ ከተማ እስከ ባሕር ዳር ደግሞ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ማቀዝቀዣ ሣጥንም ቢኖር ናሙናው በጊዜ አይደርስም።