ፈንጣጣ መጥፋቱን ማረጋገጥ፦ ከወሎ ደጋ እስከ ጅቡቲ ወሰን

ፈንጣጣ ከአንድ አገር ጠፍቷል የሚባለው የመጨረሻው ሕመምተኛ ከታየ በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት በንቃት ተፈልጎ ሲታጣ ነው። በኢትዮጵያ የማጥፋት ዘመቻው በጥር 1963 ዓ.ም. ሲጀመር በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ሕሙማን ተመዝግበዋል። የመጨረሻው ሕመም ነሐሴ 3 ቀን 1968 ዓ.ም. በባሌ፣ በኤልከሬ አውራጃ፣ ዲሞ በተባለች መንደር ታየ። ማረጋገጫው ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ነው የመጣው። ምክንያቱ ሶማሊያ ናት። እዚያ በሽታው እስከ ጥቅምት 16 ቀን 1970 ዓ.ም. ቆይቶ የመጨረሻው ሰው በመርካ ከተማ ታመመ። አርብቶ አደሩ ግጦሽና ውሃ ተከትሎ ድንበር ስለሚሻገር ኢትዮጵያ፣ ሶማሊያ፣ ኬንያና ጅቡቲ ተነጣጥለው ሊዳኙ አልቻሉም።

የያኔው የወሎ ክፍለ ሀገር ከላስታ ተራሮች ተነሥቶ በአውሳ በረሃ በኩል እስከ ጅቡቲ ጠረፍ ይወርድ ነበር። ስለዚህ ፍለጋው ሁለት ዓይነት ችግር ይገጥመዋል። በደጋው መንደሮቹ አምባ ላይ የተበታተኑ ናቸው፤ በሐምሌና በነሐሴ ወንዝ ሲሞላ መንገዱ ይዘጋል። በአገሪቱ ሰሜናዊ ደጋ ከታማሚ ቁስል መግል ወስዶ የጤነኛውን ክንድ በጥቶ ማስገባት የቆየ ልማድ ነበር። በአገሪቱ የተዛመተው ቀለል ያለው የፈንጣጣ ዓይነት ሲሆን ከመቶ ታማሚ የሚገድለው አንድ ወይም ሁለት ያህል ነው፤ ብዙ ሰው የመንግሥትን ክትባት ለምን እወጋለሁ ቢል አያስገርምም። ለአረጋጋጮች የባሰው ጥያቄ ግን በእነዚህ ባህላዊ ከታቢዎች እጅ የተቀመጠ የፈንጣጣ ቁስል ቅርፊት ይኖር ይሆን የሚለው ነው። በቆላው ደግሞ ሰፈሩ ራሱ ይንቀሳቀሳል። የአፋርን ሰው ከቤቱ ይልቅ በውሃ ጉድጓድና በገበያ ማግኘት ይቀላል፤ ደገኛና ቆለኛ የሚገናኝበት የባቲ የሰኞ ገበያ ዓይነት ቦታ ወሬ ለማሰባሰብ አመቺ ነው።

ፈላጊው የታመመ ሕፃን ፎቶግራፍ ያለበት ካርድ ይዞ ተማሪውን፣ ነጋዴውን፣ ቄሱንና ሼሁን «እንዲህ ያለ ሽፍታ ያየ አለ?» ይላል። ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት ለጠቋሚ 1,000 ዶላር ሽልማት አቅርቦ ነበር። የተሰማው ወሬ ሁሉ ይመዘገባል፤ ቦታው ድረስም ተሂዶ ይታያል።

አብዛኛው ወሬ ጉድፍ፣ ማለትም ቺክንፖክስ፣ ሆኖ ይገኛል። ፈንጣጣ ፊትን፣ እጅንና እግርን ያጠቃል፤ መዳፍና የውስጥ እግርም ላይ ይወጣል፤ በአንድ የአካል ክፍል ያሉት እብጠቶች እኩል ይበስላሉ። ጉድፍ የሚበዛው ደረትና ጀርባ ላይ ነው፤ አዲሱ ውሃ ሲቋጥር የቀደመው ደርቆ ይገኛል። ዓይን ግን አይታመንም፤ ቅርፊቱ ወይም ፈሳሹ ተወስዶ፣ በሁለት ዕቃ ታሽጎ አትላንታ ወይም ሞስኮ ወዳለው ላቦራቶሪ ይላካል። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሁለቱ ቫይረስ ቅርጽ ፈጽሞ አይመሳሰልም። ቅርፊት ከፈሳሽ ይመረጣል፤ ቫይረሱ በውስጡ ሙቀትና ረጅም መንገድ ችሎ ይቆያል።

የፊት ጠባሳ ቆጠራ በሌሎች አገሮች ጥሩ ማስረጃ ነበር፤ ከመጨረሻው ሕመም በኋላ የተወለደ ሕፃን ጠባሳ ካለው ነገሩ ይመረመራል። እዚህ ግን ቀለል ያለው ፈንጣጣ ቋሚ የፊት ጠባሳ የሚተወው በጥቂቶች ላይ ብቻ ስለሆነ ጠባሳ አለመታየቱ ብዙ አያስረዳም። ቃጠሎና ጉድፍም ተመሳሳይ ምልክት ሊተዉ ይችላሉ። የልደት ቀን በማይጻፍበት መንደር ዕድሜ የሚገመተው በታወቀ ክስተት ነው፤ በወሎ የ1966ቱ ረሀብ ከማንም አይጠፋም።

ትልቁ ወጥመድ ባዶ ሪፖርት ነው። ወር በወር «ዜሮ» የሚልክ ወረዳ ፈንጣጣ የለበትም ወይስ ፈላጊ አልደረሰበትም? በተጓዳኝ ጉድፍ የሚያሳውቅና ናሙና የሚልክ ወረዳ፣ ፈንጣጣ ቢኖር ኖሮ እንደማያመልጠው ያሳያል። ምንም የማይልክ ግን ይጠረጠራል። መጥፋቱን የሚያረጋግጠው ዓለም አቀፍ ኮሚሽንም በ1972 ዓ.ም. ሲመጣ በወረቀት ብቻ አልረካም፤ አባላቱ ወደየአካባቢው ወጥተው መዝገቡን ከመሬቱ ጋር አስተያዩ።

ውጤቱ ጥቅምት 15 ቀን 1972 ዓ.ም. በናይሮቢ ተነገረ፤ የመርካው ሕመም ልክ ሁለት ዓመት ሞልቶት ነበር። የዓለም ጤና ጉባኤ ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. በዓለም ዙሪያ መጥፋቱን አወጀ። ከዚያም በኋላ ድርጅቱ የወሬ መዝገቡን አልዘጋም፤ ለዓመታት ከመጡት ጥቆማዎች አብዛኞቹ ጉድፍና ኩፍኝ ሆነው ተገኙ።