ትልቁን እያየን ትንሹን እንስታለን፦ ስለ ሰደድ እሳት፣ ስለ መብረቅና ስለ ምድር ውስጥ የለመድናቸው ስህተቶች

ሰደድ እሳት በቴሌቪዥን ሲታይ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ከዛፍ የረዘመ ነበልባል፣ ጥቁር ጭስ፣ የሚሸሽ መኪና። ካሜራ ዓይን የሚሞላ ነገር ይወዳል። ብዙው ስህተታችንም የሚመጣው ከዚሁ ይመስለኛል። ሥራውን የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ትንሹ ወይም ዘገምተኛው ነው።

«ቤት የሚቃጠለው ነበልባሉ ሲደርስበት ነው»

ብዙ ጊዜ ነበልባሉ ገና ሩቅ ነው። ቀድሞ የሚደርሰው ፍንጣሪው ነው። ጥፍር የምታክል የዛፍ ልጣጭ ትያያዛለች፤ ትኩሱ አየር ሽቅብ ያነሳታል፤ ነፋስ ተቀብሎ ይዟት ይሄዳል። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ብታርፍ ምንም አታደርግም። አሸንዳው ውስጥ ግን የከረመ ደረቅ ቅጠል ተከምሯል። እዚያ ገብታ ዝም ብላ ትጨሳለች። ከዚያ ቅጠሉ ይያያዛል፣ ቀጥሎ የጣሪያው ጠርዝ እንጨት፣ ቀጥሎ ኮርኒሱ። ለዚህ ነው ከእሳት በኋላ ግራ የሚያጋባ ነገር የሚታየው፦ ቤቱ አመድ ሆኗል፣ አጠገቡ ያለው ዛፍ አረንጓዴ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 በአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት 173 ሰዎች በሞቱበት «ጥቁር ቅዳሜ»፣ ፍንጣሪ ከዋናው እሳት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ እሳት ለኩሷል። «መካከላችን ወንዝ አለ» ብሎ መዝናናት ከዚህ በኋላ አይሠራም። ደን አጠገብ ለሚኖር ሰው አሸንዳ መጥረግ ትልቅ መከላከያ ነው። ለፎቶ የሚሆን ጀግንነት አይደለም፣ አውቃለሁ።

«የተነሳን እሳት ሁሉ ቶሎ ማጥፋት ደኑን ያድነዋል»

ይህኛው በቅን ልቦና የሚባል ስለሆነ ለማረም ያስቸግራል። የአሜሪካ የደን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1935 አንድ መመሪያ አወጣ፤ የታየ እሳት ሁሉ በማግስቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት በቁጥጥር ሥር ይዋል የሚል። ለአሥርተ ዓመታት ሠሩበት። ችግሩ፣ በየጥቂት ዓመቱ የሚመጣ ትንሽ እሳት ይጠርገው የነበረው ጭራሮ፣ ቅጠልና ቁጥቋጦ ተከማቸ። ማገዶ ሲጠራቀም ኖረ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ደን ውስጥ አንድ ቀን ያመለጠ እሳት መሬት ለመሬት መሄዱን ይተዋል፤ በቁጥቋጦው ተንጠላጥሎ ዛፍ ጫፍ ይወጣል። መመሪያው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቀረ።

እንዲያውም እሳትን የሚጠብቁ ዛፎች አሉ። ሎጅፖል የሚባለውን ጥድ ውሰዱ። ብዙዎቹ ፍሬዎቹ በሙጫ እንደታሸጉ ቅርንጫፍ ላይ ለዓመታት ይቆያሉ። በጣት ብትታገሉት ንቅንቅ አይልም። እሳት ሲያገኘው ግን ሙጫው ይቀልጣል፣ ፍሬው ይፈለቀቃል፣ ዘሩ አመዱ ላይ ይረግፋል። እ.ኤ.አ. በ1988 ይህ ጥድ የሞላበት፣ «የሎውስቶን» የሚባለው የአሜሪካ ፓርክ ከሲሶው በላይ እሳት ሲነካው «አለቀለት» ያለው ሰው ብዙ ነበር። ጥዱ ግን ማንም ሳይተክለው መልሶ በቀለ።

ይህ ለሁሉም ደን አይሠራም። እንደ አማዞን ያለ እርጥብ የዝናብ ደን ከእሳት ጋር አልኖረም፤ ዛፎቹም መከላከያ የላቸውም። እዚያ እሳት ጉዳት ብቻ ነው።

«ዝናብ ከጣለ እሳቱ አበቃለት»

ላይ ላዩን ከሆነ፣ እሺ። ነገር ግን በግማሽ የበሰበሰ ዕፅዋት ተደራርቦ የተኛበት ረግረጋማ አፈር ራሱ ይነዳል። ነበልባል የለውም፤ ውስጥ ለውስጥ ይጨሳል። በሰሜን ዋልታ አካባቢ ቀዝቃዛውን ወቅት ከበረዶ ሥር አሳልፎ፣ ሲሞቅ ብቅ የሚል እሳት አለ።

«መብረቅ አንድ ቦታ ሁለት ጊዜ አይመታም»

የኒው ዮርኩን ኤምፓየር ስቴት ሕንፃ በዓመት 20 ጊዜ ያህል ይመታዋል። ሮይ ሱሊቫን የተባለ አሜሪካዊ የፓርክ ጠባቂ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1977 ሰባት ጊዜ ተመትቶ ተርፏል። ለእሱ ይህን አባባል የሚነግረው ማን ነው?

«ዛሬ ብርድ ገደለኝ፤ የምን ሙቀት መጨመር ነው?»

የዛሬው ብርድ የአየር ሁኔታ ነው። የአየር ንብረት የሚባለው ግን የረጅም ጊዜ አማካይ ነው፤ በተለምዶ የሚለካውም በ30 ዓመት ነው። አንድ ቀን ምሳ አለመብላታችሁ ከስታችኋል ማለት አይደለም።

«ምድርን የሚያሞቀውን ካርቦን የሚለቀው እሳተ ገሞራ ነው» ለሚሉትም መልሱ አጭር ነው። የዓለም እሳተ ገሞራዎች በዓመት የሚለቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተደምሮ ግማሽ ቢሊዮን ቶን አይሞላም። ሰው ከ35 ቢሊዮን ቶን በላይ ይለቃል። የፊሊፒንሱ ፒናቱቦ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲፈነዳማ ጭራሽ ምድርን በግማሽ ዲግሪ ያህል አቀዝቅዟት ነበር። ወደ ሰማይ የረጨው ሰልፈር የፀሐይን ብርሃን ስለመለሰ ነው።

«ከእግራችን ሥር የቀለጠ ድንጋይ ባሕር አለ»

እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲህ ነበር የሚመስለኝ። የትምህርት ቤት ሥዕል ላይ ከቅርፊቱ በታች ያለው ክፍል ቀይና ብርቱካናማ ሆኖ ሲፈላ ይታያል። እውነቱ ግን ማንትል የሚባለው ይህ 2,900 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚወርድ ክፍል ጠጣር ድንጋይ ነው ማለት ይቻላል። በምን ታወቀ? በመሬት መንቀጥቀጥ። ከሚነሱት ሞገዶች አንዱ ዓይነት ፈሳሽ ውስጥ ማለፍ አይችልም። ማንትሉን ግን አቋርጦ ይሄዳል፤ የሚቆመው ከዚያ በታች ያለው ፈሳሽ የብረት እምብርት ጋ ሲደርስ ነው።

ይህ ድንጋይ ጠጣር ሆኖም ይንቀሳቀሳል፤ በዓመት በሴንቲሜትር በሚቆጠር ፍጥነት፣ ጥፍራችን በሚያድግበት ልክ። ከሥር ወደ ላይ ሲወጣ የተጫነው ክብደት ይቀልለታል። ያኔ ሙቀት ሳይጨመርበት ከፊሉ ይቀልጣል። ከብዙ እሳተ ገሞራ አፍ የሚወጣው ቅልጥ ድንጋይ እንዲህ የተሠራ ነው።