የሥር መታፈን ምንድን ነው? አፈሩ ረጥቦ ተክሉ ለምን ይጠወልጋል?

አፈሩ እርጥብ ነው። ተክሉ ግን አንገቱን ደፍቷል። ቅጠሎቹ ወደ ታች ታጥፈዋል፤ ከሥር ያሉት ደግሞ ቢጫ መሆን ጀምረዋል። ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ቶሎ ብሎ ውሃ ያነሳል። የቤት ውስጥ ተክሎች በብዛት የሚሞቱትም እንዲህ ነው፤ በፍቅር፣ በውሃ።

ችግሩ የሥር መታፈን ነው። ሥር ውሃ ብቻ ሳይሆን አየርም ይፈልጋል። የሚተነፍሰው በአፈር ቅንጣቶች መካከል ባሉ ጥቃቅን ክፍተቶች ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ነው። ክፍተቶቹ በውሃ ሲሞሉ አየሩ ይወጣል። ኦክስጅን በውሃ ውስጥ የሚሰራጨው ደግሞ በአየር ውስጥ ከሚሰራጨው 10,000 ጊዜ ያህል በዘገየ ፍጥነት ነው። ስለዚህ ሥሩ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል፣ ሌላ ቶሎ አይመጣለትም። አቅም ሲያጣ ውሃ መሳቡን ይቀንሳል። ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ ይጠማል ማለት ነው።

ቅጠሉስ ለምን ይታጠፋል? በቲማቲም ላይ በደንብ የተጠና ነገር አለ። የታፈነው ሥር አንድ ንጥረ ነገር ወደ ላይ ይልካል። ቅጠሉ ጋ ሲደርስ ኤቲሊን ወደሚባል ጋዝ ይለወጣል። በዚህ ጋዝ ምክንያት ቅጠሉን ከግንዱ ጋር የሚያያይዘው ቀጭን ዘንግ ከላይ በኩል ከታችኛው ይልቅ ቶሎ ያድጋል። ያኔ ቅጠሉ ወደ ታች ይጎብጣል።

የጠማውን ከታፈነው መለየት የሚቻለው በእጅ ነው። የጠማው ተክል ቅጠል ስስ ይሆናል፣ ሲነኩት ይልፈሰፈሳል። ፖቱን ብድግ ስታደርጉት ይቀላል። አፈሩም ተኮማትሮ ከፖቱ ግድግዳ ይርቃል። ፒስ ሊሊ የምትባለውን የቤት ተክል ያሳደገ ሰው ይህን በደንብ ያውቃል፤ ተክሏ ስትጠማ ጭራሽ ትተኛለች፣ ውሃ ስታገኝ በሰዓታት ውስጥ ቀጥ ትላለች። የታፈነው ግን መጀመሪያ አካባቢ ቅጠሉ ቢታጠፍም ሲዳሰስ ወፈር፣ ጠንከር ያለ ነው። ፖቱ ይከብዳል። ጣታችሁን ሁለት አንጓ ያህል አፈሩ ውስጥ ብታስገቡ ጭቃ ይዞ ይወጣል። ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች ፖቱ ዙሪያ ከተመላለሱም ልብ በሉ። ዕጮቻቸው የሚያድጉት እርጥበቱ በማይለቅ አፈር ውስጥ ነው።

የቅጠሉ ጠርዝ ወደ ላይ ከተጠቀለለ ነገሩ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ሙቀት፣ ደረቅ አየር ወይም በጣም የቀረበ መብራት ነው። ተክሉ ውሃ የሚተንበትን ገጽ እያጠበበ ነው። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ለምትኖሩ፣ በብርድ ወራት ማሞቂያ አጠገብ ያለ ተክል ላይ ይህ ይታያል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ በዚያ ወቅት ብርሃኑ ትንሽ ስለሆነ ተክሉ የሚጠጣው ውሃም ትንሽ ነው። መፍትሔው ከማሞቂያው ማራቅ እንጂ ውሃ መጨመር አይደለም። ጨቅላው ቅጠል ብቻ ከተጨማደደ ደግሞ ገልብጣችሁ እዩት፤ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ሊኖር ይችላል።

መረሬ የሚባለውን ውሃ የሚቋጥር ጥቁር አፈር የሚያርስ ገበሬ ሥር መታፈንን ከማናችንም በላይ ያውቃል። በክረምት ማሳው ላይ ፈሰስ የሚያወጣው ትርፉን ውሃ ለማስወገድ ነው። በዚያ አፈር ላይ ጤፍ የሚመረጠውም ውሃ ሲተኛበት ከስንዴና ከገብስ የተሻለ ስለሚችል ነው። እኛ ግን ያንኑ ጥቁር አፈር ፖት ውስጥ ሞልተን ጤና አዳም እንተክልበታለን። ጤና አዳም ውሃ የማይቋጥር አፈር የሚወድ ተክል ነው። በየቀኑ ከጠጣ አይቆይም።

ከፖቱ ሥር ጠጠር መደርደር ውሃውን ያስወርዳል የሚባለው ምክር በሰፊው ይነገራል። አይሠራም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወጥቶ ሰፋፊ ክፍተት ወዳለው ጠጠር በቀላሉ አይወርድም። ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር እስኪጠግብ ድረስ እዚያው ይቆያል። ጠጠሩ ረግረጉን ወደ ሥሩ ከፍ ከማድረግ በቀር ምንም አልፈየደም። የሚሻለው አፈሩን ራሱን ማሻሻል ነው። ኮምፖስትና ሻካራ አሸዋ፣ ወይም ለመንገድ የሚነጠፈውን ባለ ቀዳዳ ቀይ አሽ አድቅቆ መቀላቀል። ፖቱ ከታች ቀዳዳ ከሌለው ግን ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ትንሽ ችግኝ ትልቅ ፖት ውስጥ መትከልም ያው ነው፤ ሥሩ የማይደርስበት አፈር ሳምንት ሙሉ እንደረጠበ ይቀመጣል።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ችግሩ ብዙውን ጊዜ የአንድ ቀን ውሃ መብዛቱ ሳይሆን ቶሎ ቶሎ መደጋገሙ ነው። ስታጠጡ ከታች እስኪወጣ አጠጡ፣ ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ድፉት። ከዚያ የላይኛው አፈር እስኪደርቅና ፖቱ እስኪቀል ጠብቁ። የቀን ፕሮግራም አታውጡለት።

ተክሉ አሁን ከታፈነ ውሃውን አቁሙ፤ ብርሃንና አየር ወዳለበት ቦታ አውጡት። ማዳበሪያ አትጨምሩ፤ የታመመ ሥር ያቃጥላል። ሽታ ካለው ከፖቱ አውጥታችሁ ሥሩን እዩ። ጤነኛ ሥር በአብዛኛው ነጣ ያለና ጠንካራ ነው። የበሰበሰው ቡናማና ልፍስፍስ ያለ ነው፤ ሳብ ስታደርጉት ልጣጩ ይሾልክና ክር ብቻ ይቀራል። ይህን ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ውሃ ውስጥ እየዋኘ የሚዛመተው ፒቲየም የሚባል ሻጋታ መሰል ተህዋስ ነው። የበሰበሰውን በንጹሕ መቀስ ቁረጡ፣ አሮጌውን አፈር ጣሉ፣ ለቀረው ሥር በሚመጥን ትንሽ ፖት ውስጥ በአዲስ አፈር ትከሉት። ቢጫ የሆነው ቅጠል ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም፤ እሱን አይታችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ተክሉ መዳኑን የምታውቁት ከጫፉ በሚያወጣው አዲስ ቅጠል ነው።