የዕፅዋት ቤተሰብ ምንድን ነው? ሞክሼና ዘመድ ቅዳሜ ገበያ ላይ

ባለፈው ቅዳሜ እናቴ ቅመም አምጣ ብላ ገበያ ላከችኝ። የጎንደርን ቅዳሜ ገበያ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የቅመም ተራው ገና ሳትደርሱበት በአፍንጫ ይጣራል። አንዲት እናት ፊት ቁጢጥ አልኩና «እማማ፣ አዝሙድ ይስጡኝ» አልኳቸው።

«ነጩን ነው ጥቁሩን?»

ሁለቱንም። በስኒ እየሰፈሩ ሳለ አፌን በላኝ። «እነዚህ እኮ ስማቸው ነው እንጂ አይዛመዱም» አልኩ። እማማ ስኒውን አየር ላይ ይዘው አዩኝ።

«አዝሙድና አዝሙድ ካልተዛመዱ ታዲያ ማን ከማን ሊዛመድ ነው ልጄ?»

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። የዕፅዋት ተመራማሪዎች ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የተጨቃጨቁት በዚሁ ነው።

ነጭ አዝሙድና ጥቁር አዝሙድ ሞክሼ ናቸው። በአንድ ሰፈር ሁለት ደሳለኝ ቢኖሩ በስማቸው ብቻ ወንድማማች ናቸው የሚል የለም። ዕፅዋት ላይ ስንደርስ ግን ስም ያሳስተናል። የዕፅዋት ቤተሰብ የሚባለው ከአንድ ቅድመ አያት የተወለዱ ተክሎች ስብስብ ነው። ስም፣ ሽታ፣ ድስት ውስጥ ያላቸው ሥራ አይቆጠርም። ዝርያዎች ወደ ወገን ይሰበሰባሉ፣ ወገኖች ወደ ቤተሰብ፣ ቤተሰቦች ወደ ክፍለ መደብ። በመጻሕፍት ቤተሰብን «አስተኔ» ሲሉት ታገኛላችሁ። እኔ ቤተሰብ እላለሁ፤ አስተኔ ካልኩ እናቴም አትሰማኝም።

እስቲ ሁለቱን አዝሙዶች መዳፋችሁ ላይ አፍስሷቸው። ነጩ ስሙ ነው እንጂ ነጭ አይደለም፤ ወደ አረንጓዴ ያደላ ቡናማ ነው። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተሰመሩ ቀጫጭን ጎድጎዶች አሉት። ዘር ይመስላል እንጂ ደረቅ ፍሬ ነው። ድንብላልን፣ ከሙንን፣ እንስላልን አጠገቡ ብታስቀምጡ ያው መስመር እነሱም ላይ አለ። አበባቸውም አንድ ዓይነት ነው፤ ከአንድ ነጥብ የተዘረጉ ዘንጎች፣ ጫፋቸው ላይ ጥቃቅን አበባ፣ ልክ እንደተከፈተ ጃንጥላ። ካሮት ሳትነቅሉ መሬት ውስጥ ትታችሁ ካበበባችሁ ይኸው ጃንጥላ ብቅ ይላል። ካሮትም የዚሁ ቤት ልጅ ነው።

ጥቁሩ ሌላ ታሪክ ነው። ጥቁር፣ ማዕዘን ማዕዘን ያለው፣ እውነተኛ ዘር ነው። ያደገው ክፍል ክፍል ባለው ከረጢት ውስጥ ነው። አበባው ጃንጥላ አይሠራም፤ በቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ለብቻው ነው የሚፈካው። የቅርብ ዘመዱን ብትፈልጉ በአጥር ላይ የሚጠመጠመውን የአዞ ሐረግ እዩ። ከአዞ ሐረግ ዝርያዎች አንዷ እንዲያውም ሳይንሳዊ ስሟ ላይ የእኛው ስሜን ተጽፎባታል፤ ክሌማቲስ ሲመንሲስ ትባላለች።

የሁለቱ አዝሙዶች ግንድ ከተለያየ ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። ከዚያ በኋላ የነጭ አዝሙድ ግንድ ለብቻው አልቀረም፤ ከኑግና ከአደይ አበባ ግንድ ጋር አብሮ ብዙ ተጉዟል። ስለዚህ ነጭ አዝሙድ ከሞክሼው ይልቅ ለኑግ ይቀርባል። ለቡናም ቢሆን ከጥቁር አዝሙድ ይልቅ ይቀርባል። መጀመሪያ ስሰማው እኔም አላመንኩም ነበር።

ዝምድና እንዴት ይቆጠራል? የእኛ አገር ሽማግሌዎች ይህን ነገር ከማንም በላይ ያውቁት ነበር። በድሮው የርስት ሥርዓት መሬት የሚካፈል ሰው ከአቅኚው አባት መወለዱን ይቆጥር ነበር፤ አባቴ፣ አያቴ፣ ቅድመ አያቴ፣ ምንጅላቴ እያለ። በመልክ ትመስላለህ ብሎ ድርሻ የሚሰጥ የለም። ደግሞም ከአቅኚው ከተወለድክ፣ መልክህ ባይመስልም፣ ሩቅ አገር ብትኖርም፣ ዘሩ ነህ። የዛሬ ተመራማሪዎች ቤተሰብ ሲሉ የሚጠይቁት ሁለት ነገር ይኼው ነው። አባላቱ በሙሉ ከአንድ አቅኚ መወለድ አለባቸው፤ ከአቅኚው ዘር ደግሞ አንድም መቅረት የለበትም። አስቀያሚውን የአጎት ልጅ ደብቆ ቤተሰብ ማለት አይቻልም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ በ1753 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው ሥራ አበባ ያላቸውን ዕፅዋት የመደበው በአብዛኛው የወንዴ ዘንጎቻቸውን እየቆጠረ ነው። ለመለየት ቀላል ነው፤ ዝምድናን ግን አይነግርም። ጣቱን ቆጥሮ ዘመድ እንደመፈለግ ነው። በ1789 ፈረንሳዊው አንትዋን ሎራን ደ ጁሲዩ ብዙ ጠባዮችን አንድ ላይ እያመዛዘነ ዕፅዋትን በ100 ቤተሰቦች ደለደለ። ዛሬ የምንጠቀምባቸው ብዙዎቹ ቤተሰቦች መነሻቸው እዚያ ነው። ያኔ ገና ዳርዊን አልተወለደም፤ «ለምን ተመሳሰሉ?» ለሚለው «ስለተዋለዱ» የሚል መልስ ቆይቶ ነው የመጣው።

ትልቁ ግልበጣ ግን የትናንት ነው። በ1993 ተመራማሪዎች ወደ 500 ከሚጠጉ ዕፅዋት አንድ ጂን፣ ማለትም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርድ አንድ የዘር መመሪያ፣ ወስደው አነጻጸሩ። ጂኑ በቅጠሉ አረንጓዴ አካል ውስጥ ያለ፣ ተክሉ ከአየር ምግቡን እንዲሠራ የሚያግዝ ነው። ከዚያ በ1998 ኤፒጂ የተባለ የተመራማሪዎች ቡድን የአበባማ ዕፅዋትን ዝምድና ጂኖች በተጻፉበት በዲኤንኤ ላይ ተመሥርቶ አወጣ። እስከ 2016 ሦስት ጊዜ አሻሽሎታል። የ2016ቱ 416 ቤተሰቦችና 64 ክፍለ መደቦች አሉት። በመሃል ብዙ ቤት ፈርሷል። ሽንኩርትና ሬት ለምሳሌ ድሮ ሁለቱም በሊሊ ቤተሰብ ተጠቃለው ነበር። ዛሬ ሊሊው ብቻውን ቀርቶ ሁለቱ የየራሳቸው ቤት ገብተዋል።

ባለ አንድ ክክና ባለ ሁለት ክክ የሚለውን ትምህርት ታስታውሱታላችሁ። ጤፍ ባለ አንድ፣ ሽምብራ ባለ ሁለት። ባለ አንድ ክኮቹ እውነተኛ ቤተ ዘመድ ሆነው ተገኙ። ባለ ሁለቶቹ ግን አልሆኑም፤ ባለ አንዶቹ የወጡት ከእነሱው መሃል ነው። ጣና ላይ የሚንሳፈፈው የውሃ አበባ ከሁለቱ መለያየት በፊት ተገንጥሏል። ከሁሉም ቀድማ የተለየችው ደግሞ አምቦሬላ የምትባል፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ ባለችው ደሴት በኒው ካሌዶኒያ ብቻ የምትበቅል ቁጥቋጦ ናት።

ወደ ቅመሙ ልመለስ፤ እሱ ነው የሚጥመው። በርበሬና ቁንዶ በርበሬም ሞክሼ ናቸው። በርበሬ ከአሜሪካ የመጣ፣ የድንችና የቲማቲም ወንድም ነው። ቁንዶ በርበሬ የጥምዝ ወገን ነው፤ ሲሰፋ ደግሞ ከቀረፋና ከአቮካዶ ጋር አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ላይ ይቀመጣል። ቀረፋና አቮካዶማ አንድ ቤተሰብ ናቸው።

ቅርንፉድን አንስታችሁ እዩት። ሚስማር ይመስላል። ያልፈነዳ አበባ ነው። ራሱ ላይ ያለችው ትንሽ ኳስ በአራት ጥርስ ተይዛለች። ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ኳሷን በጥፍር ላጥ ብታደርጓት ውስጧ በወንዴ ዘንግ የታጨቀ ነው። አሁን ከቤት ወጥታችሁ ያበበ ባሕር ዛፍ ፈልጉ። ያው የዘንግ ጫካ ነው፤ ባሕር ዛፍ ቆቡን አውልቆ ሲፈካ የምታዩት እሱን ነው። ቅርንፉድ፣ ባሕር ዛፍና ዘይቱን አንድ ቤተሰብ ናቸው። በጎንደር ዙሪያ ያለውን ባሕር ዛፍ ሁሉ ሳይ የቅርንፉድ ዘመድ ነው ብዬ ማሰብ ጀምሬያለሁ። አይለቀኝም።

አደይ አበባም እንዲሁ ያታልላል። አንድ አበባ ይመስላል እንጂ የአበባ መንደር ነው። በመስከረም አንዷን በጥፍር ሰንጥቁና እዩ፤ መሃሏ ያሉት ቢጫ ነጠብጣቦች እያንዳንዳቸው ሙሉ አበባ ናቸው። ኑግ፣ ሱፍ፣ ግራዋ፣ ሰላጣ ሁሉም እንዲህ ናቸው። ቤተሰቡ በዓለም ላይ ከ25,000 በላይ ዝርያ አለው። ከደባርቅ ወጥታችሁ ስሜን ተራራ ላይ የምታገኙት ግዙፉ ጅብራም ቤተሰቡ ይለይ እንጂ ክፍለ መደቡ ከአደይ ጋር አንድ ነው።

መልክ ደግሞ ከስም የባሰ ውሸታም ነው። ቁልቋልና በለስ ሁለቱም ወፍራም፣ እሾሃም፣ ደረቅ መሬት ወዳድ ናቸው። በለስን «የባሕር ቁልቋል» የሚለውም አለ። ቁልቋል ሲቆረጥ ግን ነጭ ወተት ያፈሳል፤ የጉሎ ዘመድ ነው። በለስ ከአሜሪካ የመጣ፣ ካክተስ የሚባል የሌላ ቤተሰብ ልጅ ነው። ያመሳሰላቸው ድርቀት ነው እንጂ ደም አይደለም።

የሳይንስ ስምም ከሞክሼ ጣጣ አልዳነም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ገብቶ ነበር። ኮሶን አይቶ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ለወዳጁ ለእንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ለጆሴፍ ባንክስ ክብር «ባንክሲያ አቢሲኒካ» አለው። ችግሩ ባንክሲያ የሚል ስም በ1782 ለአውስትራሊያ ተክል ተሰጥቶ አልቋል። በሳይንስ ሕግ ሁለት የዕፅዋት ወገኖች ሞክሼ መሆን አይችሉም። ስለዚህ በ1791 ኮሶ «ሀጌኒያ አቢሲኒካ» ተባለ። ቤተሰቡ? የጽጌረዳ ነው። ቀጋ፣ ኮክና ፖም ዘመዶቹ ናቸው። ኮሶ ጠጥቶ ለሚያውቅ ሰው ይህን ማመን ይከብደዋል።

ለእማማ ይህን ሁሉ አልነገርኳቸውም። የነጭ አዝሙዱንና የኑጉን ነገር ግን ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም አሉና በሶብላና ኮሰረቱን በጣታቸው አሳዩኝ።

«እነዚህስ? ሽታቸው እንደሆነ ወንድማማች ነው።»

«ቤተሰባቸው ይለያያል። ክፍለ መደባቸው ግን አንድ ነው። የአጎት ልጆች በሏቸው።»

«እሱስ ይሁን።» ሁለቱን አዝሙድ በላስቲክ ቋጠሩልኝ። ከዚያ እጃቸው ወደ ጎን ሄደና ስኒው ኑጉ ውስጥ ገባ።

«እማማ፣ ኑግ አላዘዝኩም።»

«ዘመዱ ነው አላልክም? ታዲያ ለየብቻ ታስቀራቸዋለህ?»

ከፈልኩ።