ልጆችን በምግብ ዝግጅት ማሳተፍ

ልጆችን በምግብ ዝግጅት ማሳተፍ ማለት ለልጁ በዕድሜው ልክ ሥራ እየሰጡ ከወላጅ ወይም ከመምህር ጋር ማዕድ ቤት እንዲሠራ ማድረግ ሲሆን፣ ምግብ የሚመርጡ ልጆች ያልለመዱትን እንዲቀምሱ ለማደፋፈር ይዘወተራል። አዲስ ምግብን መሸሽ ባብዛኛው ከ2 እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚበረታ የዕድገት ጠባይ ነው እንጂ ቅብጠት አይደለም። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሊያን በርች በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ባካሄዷቸው ጥናቶች ትንንሽ ልጆች አንድን ምግብ ደጋግመው ሲቀምሱት እየወደዱት እንደሚሄዱ አሳይተዋል። አብሮ ማብሰልም ልጁ ምግቡን ከመጉረሱ በፊት በእጁ እንዲነካው፣ እንዲያሸተውና ከጥሬ ወደ በሰለ ሲለወጥ እንዲያየው ዕድል ይሰጣል።

በዚህ ረገድ በጥንቃቄ ከተለኩት ሙከራዎች አንዱ በስዊዘርላንድ ሎዛን በሚገኘው የኔስሌ የምርምር ማዕከል ተካሂዶ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመው ነው። ከ6 እስከ 10 ዓመት የሆኑ 47 ልጆች ለሁለት ተከፍለው፣ ገሚሶቹ ፓስታ፣ ዶሮ፣ አበባ ጎመንና ሰላጣ ያለበትን ምሳ ከወላጃቸው ጋር ሲያዘጋጁ ለቀሩት ወላጅ ብቻውን አበሰለላቸው። ያበሰሉት ልጆች ካላበሰሉት ይልቅ 76 በመቶ የሚበልጥ ሰላጣና 27 በመቶ የሚበልጥ ዶሮ በሉ፤ በጥቅሉ ያገኙት ካሎሪም በ24 በመቶ ገደማ በለጠ። ጥናቱን ያካሄደው የምግብ አምራች ድርጅት መሆኑና የተለካው አንድ ምሳ ብቻ መሆኑ መታወቅ ቢኖርበትም፣ የሰላጣው ልዩነት ቀላል የሚባል አይደለም።

በካሊፎርኒያ በርክሌይ የምግብ ቤት ባለቤቷ አሊስ ዋተርስ በ1995 እ.ኤ.አ. በአንድ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባስጀመሩት የጓሮ አትክልትና የማብሰያ ክፍል፣ ተማሪዎች ያመረቱትን ራሳቸው አብስለው አብረው ይመገባሉ። ጃፓን በ2005 እ.ኤ.አ. የምግብ ትምህርትን በሕግ ደንግጋለች።

በአገራችን ልማዱ የተለየ ስም ሳይወጣለት የኖረ ነው። እናት እንጀራ ጋግራ ስትጨርስ በቀረው ሊጥ ለልጇ እንጎቻ ትጋግራለች፤ ልጁም ምጣዱ አጠገብ ቆሞ ዓይን ሲያወጣ ያያል፣ ትኩሱን በዘይትና በበርበሬ አስለውሶ ይበላል፣ ከፍ ሲልም ሊጡን ራሱ ያዞራል። ምስር መልቀም፣ ጎመን መቀንጠስና የባቄላ እሸት መፈልፈል ስለት ሳይዙ፣ ከእሳት ርቀው የሚሠሩ በመሆናቸው ለትንንሽ ልጆች እጅግ የተመቹ ናቸው። ጎመኑን የቀነጠሰ ልጅ ጎመኑን ለመቅመስ እንደሚቀልለው ብዙ እናቶች ይናገራሉ። ወንድ ልጅን ከማጀት የሚያርቀው ልማድ ግን ወንዶች ልጆችን ከዚህ ትምህርት አጉድሏቸዋል።

ልጁ የሠራውን እንዲበላ ማስገደድ ወይም በጣፋጭ መደለል አይመከርም፤ ቀምሶ ቢተፋው እንኳ በሌላ ቀን በጥቂቱ ደግሞ ማቅረብ ይሻላል። ከጥቂት ምግቦች በቀር ምንም የማይቀበል፣ ክብደቱ የሚቀንስ ወይም ሲውጥ የሚያንቀው ልጅ ለሐኪም መታየት አለበት።